ቱቦ ነው እኮ!

ከቅርጫው አሁን መመለሴ ነው። እጄን እንኳ በደንብ አልታጠብኩም። ካልጻፍኩት ግን ዛሬ እንቅልፍ የለም።

አንድ ሰውዬ ለካራው ያዘዘኝ አፎት አልቆልኝ ይዤለት ሄድኩ። ሰው ሁሉ በሬውን ከቦ ቆሟል። ተቀበለኝ። ገለበጠው። በጥፍሩ ቧጠጠው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፦

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የሽንት ቤት ቱቦ አይደለም እንዴ?»

ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

«አዲስ ቱቦ ነው ጋሼ፤ ከሱቅ ነው የገዛሁት።»

«አዲስም ቢሆን ቱቦ ነው እኮ! ሥጋ የምቆርጥበትን ካራ እዚህ ውስጥ ልክተት? ለቱቦ ደግሞ ሁለት መቶ ብር!»

እንደገና ሳቅ። አብሮ አደጌ ሳይቀር ሳቀ! እሱን ሌላ ቀን እመጣበታለሁ።

እሺ፣ ቱቦ ነው። ፒቪሲ የሚሉት ፕላስቲክ ነው። ውጭ አገር ለቢላ አፎት የሚሠሩበት ካይዴክስ የሚባለው ፕላስቲክ ራሱ እኮ ፒቪሲና አክሪሊክ ተቀላቅሎ ነው። እሱን ደብረ ማርቆስ ላይ ከየት ላምጣው?

ደግሞ ቱቦውን ቆርጬ የሰጠሁት መሰለው? በሰጌቶ ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ። እንጀራ በማይጋገርበት አሮጌ ምጣድ ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ አሞቀዋለሁ። ከ80 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል። ትንሽ ከተዘናጋህና ካረረ የሚወጣው ጭስ አሲድ ነው፤ ሳንባ ይበላል። በሁለት ጣውላ መሃል አስተኝቼ ዝርግ አደርገዋለሁ። ከዚያ ካራውን በወረቀት ፕላስተር እጠቀልላለሁ፤ ያ ካልሆነ አፎቱ ይጠብና ስለቱን ይፍቀዋል። እንደገና አሙቄ አጥፌበት፣ በፍራሽ ስፖንጅ ደግፌ ሞርሳ ውስጥ አስራለሁ። እስኪበርድ ንቅንቅ የለም። ከዚያ ትራፓኖ፣ ሪቬት፣ ብርጭቆ ወረቀት። የሱን ሦስት ጊዜ ነው የሠራሁት። ሁለተኛው ላይ ልክ ላጥፈው ስል መብራት ጠፋ! በእጄ ላይ እንደ እንጨት ደረቀ። ማንን ልክሰስ?

ሲያልቅ ግን ካራው ጠቅ ብሎ ነው የሚገባው። ዘቅዝቀህ ብታራግፈው አይወድቅም። ጫፉ ላይ የውኃ መውጫ ቀዳዳ አለው። የሱ ካራ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፤ እርጥብ ቆዳ ውስጥ ካደረ ይዝጋል። እኔ ይሄን አስቤ ነው የሠራሁለት!

ባለፈው ደግሞ አንዱ «አፎትህ አፉን ከፈተ» ብሎ በር ደበደበ። የት አስቀመጥከው? ምድጃ ዳር! ፒቪሲ እኮ ሲሞቅ ወደ ድሮ ቅርጹ ይመለሳል። ስሰጠው ነግሬዋለሁ። ብሬን መልስ አለኝ። መለስኩ።

እማዬም አለች። «ተምረህ ተምረህ ቱቦ ትጠብሳለህ?» ትላለች። ይቺ ናት የምታመኝ። ካራውን የቀጠቀጠው ሰውዬ በዚህ አገር ስንት ስም ወጥቶለታል? ቆዳ የሚያለፋውስ? አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስንት ዘመን ሆነው! ዛሬም በእጅህ አንድ ነገር ሠርተህ ስትመጣ መጀመሪያ የሚፈለግልህ ስድብ ነው። ያው አፎቴን ያጣጣለው ሰውዬ ከሱቅ ፕላስቲክ ጫማ ሲገዛ ከምን ተሠራ ብሎ አይጠይቅም። ዋጋውን ከፍሎ ውልቅ።

ክፍያው ቢቀር ቀረ፤ ደክሞኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባይሆን ምናለ? ጠርቶ «አልወደድኩትም» ቢለኝ እሺ ብዬ እሄድ ነበር።

መደብ አልቆ ሰው ሲበተን አየሁት። ካራውን በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ሄደ። ጫፉ ፌስታሉን ቀዶ ወጥቷል።

አፎቱ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በሱ ካራ ልክ ስለተሠራ ለሌላ አይሆንም። ሦስቱን የራሴን ቢላዎች ሞከርኩ። አንዱም አልገባ።