ዲግሪ ይዞ እንደገና ፍሬሽማን

«ዲግሪ አለህ አይደል? ለምን ማስተርስህን አትይዝም?»

በሌላ መስክ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ልማር ብሎ ማታ የተመዘገበ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አንድ ሴሚስተር አይጨርስም። ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተመረቀ ልጅ ሠላሳ ዓመቱ ላይ ሕግ ልማር ሲል ወደ ኋላ የሄደ ይመስላቸዋል።

የመጀመሪያውን መስክ ግን ማን መረጠለት? እኛ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በአብዛኛው በምደባ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ይመጣል፣ ምርጫ ይሞላል፣ ከዚያ የደረሰውን መቀበል ነው። በዚያ ላይ ለዓመታት የሠራው የ70/30 ፖሊሲ አለ። ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ። አገሪቱ ባለሙያ ትፈልግ ነበር፤ ይገባኛል። ግን ኮታ የልጁን ዝንባሌ አይጠይቅም። ቤተሰብም ቢሆን ጎበዝ ልጅ ካለው ከዶክተርና ከኢንጂነር ውጪ አይታየውም። ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ወይም ያገኘውን ሥራ ሲጠላው፣ ምን መሆን እንደሚፈልግ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ይጠይቃል።

ማስተርስ ይያዝ የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ማስተርስ በአብዛኛው የጀመርከውን መስክ ነው የሚያስቀጥልህ። ኢንጂነሩ ሕግን ከማስተርስ ልጀምር ቢል በሩ ዝግ ነው። ያለ ሕግ ዲግሪ ደግሞ የጥብቅና ፈቃድ አይታሰብም። ለሁሉም ክፍት የሆነው ኤምቢኤ፣ ማለትም የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ነው። ከየሙያው የመጣ ሰው ሁሉ እዚያ የሚገናኘውም ለዚህ ነው። (ግማሹ ቢዝነስ አምሮት ሳይሆን ሌላ መውጫ አጥቶ ይመስለኛል።)

ሁሉም ሰው ግን ክፍል ይመለስ አልልም። ፕሮግራሚንግ ወይም ዲዛይን ለሚፈልግ ሰው አራት ዓመት ብዙ ነው፤ አጫጭር ስልጠናና ልምምድ ይበቃዋል። እኔ የማወራው ያለ ዲግሪ በሩ ስለማይከፈት ሙያ ነው።

መንግሥትም ሲቸግረው መንገዱን ያውቀዋል። በ2004 ዓ.ም. የሐኪም እጥረትን ለማቃለል አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በ13 ተቋማት ተጀመረ። የተቀበለው በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና ዲግሪ ያላቸውን ነበር። የባዮሎጂ መምህር የነበረ፣ ነርስ የነበረ ሰው ከመደበኛው ባጠረ ጊዜ ሐኪም መሆን ቻለ። ቀድሞ የተማረው ተቆጠረለት ማለት ነው።

በሌላው መስክስ? ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት በጋራ ኮርሶች የተያዘ ነው። እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ። ስፖርትም አለ። አንድ ዲግሪ ያለው፣ ቀን ሲሠራ ውሎ፣ ታክሲ ተሰልፎ ማታ ክፍል የሚደርስ ሰው እነዚህን ይማር ይሆን ወይስ ይታለፉለት? መልሱ እንደ ተቋሙ ነው፤ አንዳንዴም ሬጅስትራር ውስጥ እንዳገኘኸው ሰው። «ካሪኩለሙ ተቀይሯል» ካሉህ አለቀ። በየክሬዲት ሰዓቱ ከኪስህ እየከፈልክ የምታውቀውን ትማራለህ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አምጣ ስትባል ደግሞ ያልጨረስከው የወጪ መጋራት ዕዳ፣ መንግሥት ላስተማረህ የምትመልሰው ገንዘብ፣ ይጠብቅሃል።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ትምህርት ሚኒስቴር አንድ ወጥ መመሪያ ያውጣ፦ ዕውቅና ካለው ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው የጋራ ኮርሶች ይታለፉለት፣ በቀጥታ ወደ ሙያው ይግባ። ጥራት ይወርዳል የሚል ካለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም መስክ የመውጫ ፈተና አለ። ይህም ሰው እንደ ማንኛውም ተመራቂ ይቀመጣል፣ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ፈተናው የሚለካው ደግሞ የሙያውን ኮርሶች እንጂ ሳይኮሎጂን ሁለት ጊዜ መማሩን አይደለም።