ኪራዩን የሚከፍለው ተከራዩ ነው

የቴክሳሱ አገረ ገዥ ግሬግ አቦት በኖቬምበር 2025 የዳግም ምርጫ ዘመቻቸውን ሲጀምሩ፣ የቤት ባለቤቶች ለትምህርት ቤት የሚከፍሉት የንብረት ግብር ጨርሶ እንዲቀር ለሕዝብ ውሳኔ ይቅረብ ማለታቸው በእኛ በዳላስና በሂውስተን ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሳይቀር መጨብጨቡ አናዶኛል። በዚያው ወር መራጩ ከዚህ ግብር ነፃ የሚሆነውን የመኖሪያ ቤት ዋጋ ከ100,000 ወደ 140,000 ዶላር ከፍ አድርጎት ነበር፤ አልበቃም።

ደጋፊዎቹ «የቤቴን ዕዳ ከፍዬ ብጨርስም ለመንግሥት ኪራይ እከፍላለሁ» ይላሉ። አከራይ ግን የልጅህን መምህር አይቀጥርልህም፤ የተከራየኸው ቤት ሲሸጥም ትርፉን አንተ አትወስድም። ቤት ስንገዛ አስቀድመን የምንጠይቀው የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርሰን አይደለምን?

ኪራይ የሚከፍለውስ ማን ነው? አፓርትመንት የባለንብረቱ መኖሪያ ስላልሆነ ከግብር ነፃ መሆኑ አይመለከተውም፤ ባለንብረቱም የትምህርት ቤቱን ግብር ከኪራዩ ጋር ደምሮ ያስከፍላል። ቴክሳስ የገቢ ግብር ስለሌላት፣ የጎደለውን ለመሙላት እጇን የምትዘረጋው በዋናነት ዛሬም እስከ 8.25 በመቶ ወደሚደርሰው የሽያጭ ታክስ ነው። ስለዚህ ትናንት መጥቶ በዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ልጆቹን የሚያሳድገው ወገናችን፣ አንድ ጊዜ በኪራዩ፣ ሌላ ጊዜ በሚገዛው ጫማና ሳሙና ትምህርት ቤቱን ሲደጉም፣ በሚሊዮን ዶላር ቤት የሚኖረው ሰው ስለ ቤቱ ለትምህርት ቤቱ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ይህ ድኻን ለባለጠጋ ማስገበር ነው።

ትምህርት ቤቱ የሚያጣውን ገንዘብ ግዛቱ ይተካዋል ይሉናል። ይኸው ግዛት በ2019 ለአንድ ተማሪ የወሰነውን የ6,160 ዶላር መነሻ በጀት ለዓመታት ሳይነካ አቆይቶ፣ በ2025 የጨመረው 55 ዶላር ነው፤ በዚያው ዓመት ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ ድጎማ ግን አንድ ቢሊዮን ዶላር አላጣም።

እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ የሚሰበስበው ከራሱ ንብረት ስለሆነ፣ ግብሩ ወረዳን ከወረዳ ያበላልጣል መባሉ እውነት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳን አንቶኒዮ የኤጅዉድ ወረዳ ከ100 ዶላር የንብረት ዋጋ 1.05 ዶላር እያስገበረ ለአንድ ተማሪ 26 ዶላር ሲያገኝ፣ ጎረቤቱ አላሞ ሃይትስ በ85 ሳንቲም 333 ዶላር ይሰበስብ ነበር። ነገር ግን የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1989 ሥርዓቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከበየነ በኋላ፣ በ1993 የተገኘው መፍትሔ ሀብታሙ ወረዳ ለድኻው እንዲያካፍል ማስገደድ እንጂ ግብሩን መሻር አልነበረም። አገረ ገዥውም ድምፃችንን ከመጠየቃቸው በፊት የሽያጭ ታክሱ ስንት በመቶ እንደሚገባ ቁጥሩን ይንገሩን።