ሞተሩም ዲኤክስ ነው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሚስጥር የለውም። የኔ ዲኤክስ ንጋት ላይ ስትነሳ ጢሷ ደረጃ ለደረጃ ወጥቶ በየመስኮቱ ይገባል። ሰማያዊ ጢስ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቆመው "ልጄ፣ እኔ እኮ እጣን መስሎኝ ሳማትብ ከረምኩ" አሉኝ።

ሰማያዊ ጢስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻ ከታየ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ የሚያግደው ጎማ) ነው። ሌሊቱን ዘይት በደረቀው ጎሚኒ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ሲሊንደር ውስጥ ያድራል፤ ሲነጋ ይቃጠላል። ይሄንን ያወቅኩት ግን ብዙ ዘይት ካጠጣኋት በኋላ ነው።

እትዬን ችላ ብዬ ከረምኩ። መኪናዋ ቃሊቲ ላይ ስትፈላ ግን ችላ ማለት አልተቻለም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው እዚያ ላይ የማይፈላው ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ነው። አፈናው አንድ ቦታ ከሾለከ አለቀ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ጀሪካን ይዞ መለመን ነው።

መካኒኩ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተ። ክዳኑን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ጋሼ፣ ማኪያቶ ሆኗል።"

እውነትም ማኪያቶ! አረፋውም አልቀረ። ሰው "እንደ ውሃና ዘይት" እያለ ይተርታል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ሲቃጠል ግን ሁለቱም ተቃቅፈው ነው የሚገኙት። (ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ... ጣልያን በ1933 ዓ.ም ተባረረ ይባላል። ለጋራዥ ግን ማንም አልነገረውም።)

"አሮጌውን ይዘህ ሱማሌ ተራ ሂድ" ተባልኩ፤ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት። የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን በጋዜጣ ጠቅልዬ ታክሲ ገባሁ። ጋዜጣው ዘይት ስለጠጣ ገልጬ ያዝኩት። ያኔ ጉባኤው ተጀመረ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ "መዳብ የተቀባ ነው የሚያዋጣህ" አለ። ከኋላ አንዷ "የወንድሜ እንደዚህ ሆኖ ሸጠው" አለች። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "የላዳ ነው!" ብሎ ፈረደ። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወት እያየ ራሱን ነቀነቀ። ከመውረዴ በፊት ሦስት መካኒክና አንድ የመኪና ደላላ ተመክሮልኛል። ምን ዓይነት ሞተር እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

የጠየቀኝ ባለሱቁ ነው።

"የምን ጓርኒሲዮን?"

"የዲኤክስ።"

"ሞተሩስ?"

"ሞተሩም ዲኤክስ ነው።"

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ዕቃ ሊገዛ የመጣው ሳይቀር።

ለካ ዲኤክስ የሞተር ስም አይደለም። የኮሮላ ማዕረግ ነው፤ ዴሉክስ ለማለት። እኛ ግን አባቱንም ልጁንም በአንድ ስም እንጠራለን። ኮሮላ ውስጥ 2ኢ ሞተር ሊኖር ይችላል፤ 4ኤ ሞተርም ሊኖር ይችላል። የ2ኢ ሲሊንደር ስፋቱ 73 ሚሊሜትር ነው፣ የ4ኤው 81። ደግሞ አሮጌ መኪና በዕድሜው ስንቴ ሞተር እንደቀየረ ማን ያውቃል? ለመካኒኩ ደወልኩ። ብሎኩን በናፍጣ ጨርቅ ጠርጎ አነበበልኝ። 2ኢ።

"እሺ፣ ኦሪጅናል አለ፣ ኦሪጅናል የሚመስል አለ፣ የዱባይ ኦሪጅናል አለ" አለኝ ባለሱቁ።

"የዱባዩ የት ነው የተሠራው?"

"አይ፣ ዱባይ የተሸጠ ነው።"

አዲሱን አሮጌው ላይ ደርቤ ወደ ብርሃን አነሳሁት። የውሃ ቀዳዳ ለውሃ ቀዳዳ፣ የዘይት ለዘይት። አንዱ ቀዳዳ ተደፍኖ ቢገኝ ውሃው መሄጃ ያጣል። ገጠመ። ጎሚኒው ላይ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሳ። ተራው ጎማ ሙቀት ሲደጋገምበት እንደ ደረቀ ቋንጣ ይጠጥራል። ቫይተን የሚሉት 200 ዲግሪ ገደማ ይችላል። "ቡናማው ነው ቫይተን" አለኝ አንዱ። ባለሱቁ ሳቀና "ቀለም እኮ ርካሽ ነው፣ ማሸጊያውን አንብብ" አለው። በዕቃው ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ሀቀኛ ሰው ሳገኝ ደንግጬ ሙሉ ኪቱን ገዛሁ።

ከሁሉም የወደድኩት ፓራኦሊዮን (ዘይት እንዳይሾልክ የሚያግደውን ቀለበት) ነው። ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ ሦስት ቁጥር አለው፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ስለ ራሱ እንዲህ በግልጽ የሚናገር ፍጡር አገራችን ውስጥ አላየሁም።

ጋራዥ ስመለስ መካኒኩ ሲሊኮን ይዞ ጠበቀኝ። ጓርኒሲዮኑን ግራና ቀኝ እንደ ዳቦ ማርማላታ ሊቀባው። ለመንኩት፣ ተወው። (ትርፍ ሲሊኮን ተቆርሶ የዘይት ማጥለያውን ይደፍናል።) ቀጥሎ ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን) አውጥቶ "ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው" ብሎ ሊወረውር ሲል እጁን ያዝኩት። ቴስታታው ሬክቲፊካ ቤት (የሞተር ዕቃ ተለክቶ የሚስተካከልበት) ይታይ ስለው ግን ተቀየመ።

"በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ቀጥ ያለ ነው።"

ለዚህ ሥራ የሚፈቀደው መጣመም ብዙ ጊዜ 0.05 ሚሊሜትር ነው። ከጸጉር ይቀጥናል። ወሰድነው፤ ጠሞ ተገኘ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ ብሎኖቹን ግን ከመሀል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ አጠበቀልኝ።

አሁን ዲኤክሴ ንጋት ላይ ትነሳለች፤ ጢስ የለ፣ ሽታ የለ። በሳምንቱ እትዬን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ሊመርቁኝ ነው ብዬ ቆምኩ።

"ምነው ልጄ፣ እጣኑን አቋረጥከው? እሱ እኮ ነበር የሚቀሰቅሰኝ። ይኸው ሦስት ቀን ኪዳን አመለጠኝ።"