ናይሎን አይበሰብስም እንጂ ይበጠሳል

ወንድሜ፣ «ናይሎን አይበሰብስም፤ ቀፎ ለመስቀል ዛፉ ላይ የወጣችሁበትን ገመድ ለከርሞ እዚያው ተዉት» ያልከውን እዚህ ጅማም ብዙ ሰው ያምነዋል። ልክ አይደለም። አለመበስበሱስ እውነት ነው፤ ጠላቱ ፀሐይ ናት። ጨረሯ ክሩን ያዳክመዋል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ይሻክራል፣ ያ ርካሹ የፕላስቲክ ገመድማ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ላይ ደግሞ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ቅርንጫፉ ይፈገፍገዋል፣ ሽኮኮም ሊያኝከው ይችላል። ከታች ጎትተህ «ይይዛል» አትበል፣ ቋጠሮው ያለበት ሁኔታ በዚህ አይታይም። ግንዱ ላይ ጥብቅ ብሎ የታሰረም ዛፉ ሲወፍር ልጡን ይበላዋል፤ ለዋንዛው አታዝንም? ገመዱን አውርደህ ቤት አስቀምጥ። ከፈለግክ ቀጭን ሲባጎ ብቻ በቅርንጫፉ ላይ አሳልፈህ ተው፣ ስትመለስ ዋናውን ገመድ በእሱ ትስባለህ። ሲባጎው ቢበጠስ የሚወድቀው ሲባጎው ነው።