ኩርፊያችን አይነካብን

አዲስ አበባ መሃሏን አፍርሳ እየሠራች ባለችበት በዚህ ሰዓት አንድም ጡብ ያልተነካበት ቅርስ ቢኖር ኩርፊያችን ነው። የፒያሳም የካዛንቺስም ነዋሪ ዕቃውን ጭኖ ሲነሣ አልጋው ተፈታ፣ ቁም ሳጥኑ ተፈታ፤ ኩርፊያው ግን እንደተገጣጠመ ነው የተጓዘው።

እንዲያውም አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለአኩራፊ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚሄዱ ባልና ሚስትን ልብ ብላችሁ እዩ። በደኅናው ቀን ትከሻ ለትከሻ ናቸው። በተኳረፉ ዕለት አንዱ ሦስት እርምጃ ይቀድማል። ሦስት መሆኗ በዘፈቀደ አይደለም፤ አንድ እርምጃ ከሆነ የታረቁ ይመስላል፣ ዐሥር ከሆነ ደግሞ የማይተዋወቁ። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ሲደርሱ ርቀቱ ከልክ ካለፈ የቀደመው ሰው የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ይላል። ጫማው ክር ባይኖረውም ጎንበስ ይላል።

ታክሲ ውስጥ ነገሩ ይረቃል። እሷ ጋቢና ትገባለች፤ እሱ ከኋላ ወንበር ይጨመቃል። ፈተናው ረዳቱ ሒሳብ ሲል ነው። ለሁለት ከከፈለ ታረቀ ማለት ነው፤ ለራሱ ብቻ ከከፈለ ደግሞ ነገሩ ከኩርፊያ ወደ ግፍ ይሸጋገራል። የበሰለ አኩራፊ ብሩን ሰጥቶ በአገጩ ወደ ፊት ይጠቁማል። ረዳቱም ምስጢር አይችልምና "ጋቢና ያለሽው ተከፍሎልሻል!" ብሎ ለመላው ተሳፋሪ ያውጃል። እሷ ዘወር አትልም። መስኮቱን ግን ትንሽ ከፈት ታደርገዋለች።

ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት ምክንያትን አለመናገር ነው። "ምን ሆነሻል?" ሲባል መልሱ "ምንም" ነው። ይህን ቃል አፋችሁ ላይ አድርጉና ሞክሩት፤ ከንፈር ገጥሞ ይጀምራል፣ ከንፈር ገጥሞ ያበቃል። አፍን በክብር ለመዝጋት ከዚህ የተሻለ ቃል አልተፈጠረም። ሁለተኛ ሲጠየቁ "አንተ ታውቀዋለህ" ነው። አያውቅም። የማያውቅ መሆኑ ራሱ ሌላ ጥፋት ስለሆነ ለኩርፊያው አዲስ ምክንያት ይሆናል። በሦስተኛው "ተወው በቃ" ይባላል፤ መተው ግን ክልክል ነው። አራተኛ ከጠየቀ ይነዘንዛል፣ ካልጠየቀ ድሮም ግድ የለውም። ዋናው ድል የሚገኘው ጠያቂው መሮት እሱም ያኮረፈ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ የተበደለው ሰው ተነሥቶ በዳዩን ያባብላል።

"አኩራፊ ምሳው ራቱ ይሆናል" የሚለውን ተረት እንደ ስድብ የሚያዩት አሉ። በዚህ ኑሮ ውድነት በቀን አንድ ማዕድ ማትረፍ ምኑ ነው የሚያሰድበው? ለመብላት የተቀመጡ እንደሆነም ሥርዓት አለው። ትሪው አንድ ነው፤ ጉርሻ የለም፤ እጅ ከራስ ፊት አያልፍም። ሽሮው የተጨለፈው መሃል ላይ ስለሆነ ሁለቱም ከየዳር ዳራቸው እየቆረሱ ይገሰግሳሉ። በመጨረሻ በመካከላቸው ጣት የምታህል የእንጀራ ድንበር ትቀራለች። እሷን ቀድሞ የነካ እጅ ሰጠ። ስለዚህ ማንም አይነካትም፤ ጠዋት ትሪው ላይ ደርቃ ትገኛለች።

ልጅ ያለበት ቤት መልእክተኛ አያጣም። "ለአባትሽ ራት ቀርቧል በዪው።" አባትየው ሁለት ሜትር ሳይርቅ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። "አባዬ፣ ራት ቀርቧል።" "አልራበኝም በያት።" "እማዬ፣ አልራበኝም አለ።" ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዲህ ያለ ዲፕሎማሲ የምትለማመደው በነጻ ነው፤ አፍሪካ ኅብረት ደጃፋችን የሆነው በከንቱ አይደለም።

ቴሌግራም ላይ ያለውን ዘዴ ሁሉም ስለሚያውቀው አናስረዝመውም፦ መልእክቱን ሳይከፍቱ ከላይ ከማሳወቂያው ማንበብ፣ ሁለተኛዋን ምልክት አለመስጠት፣ ከዚያ ግሩፕ ላይ ገብቶ ለሌላ ሰው ቀልድ መሳቅ።

ፈረንጆቹ ይህን ጥበብ እንደ በሽታ ይዘውታል። ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባልና ሚስትን አከራክሮ የልብ ምታቸውን ሲለካ ኖሮ፣ ትዳር ከሚያፈርሱት አራት ነገሮች መካከል ከትችት፣ ከንቀትና ጥፋትን ላለመቀበል ራስን ከመከላከል ቀጥሎ እንደ ግድግዳ ዝም ማለትን አስቀመጠ። የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ካለፈ ሰው የሚባለውን መስማት ይሳነዋል፤ ስለዚህ "ልቤ ተነሥቷል፣ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ" ብሎ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማረፍ፣ ከዚያም ተመልሶ መነጋገር ነው ይላል። 20 ደቂቃ! በ20 ደቂቃ የሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍስ ይንቀሳቀሳል? ደግሞ በእረፍቱ ጊዜ ነገሩን ማብሰልሰል አይፈቀድም አሉ፤ "እንዲህ ብሎኝ፣ እንዲህ ሳልለው" እያሉ የሚያርፉ ከሆነ ልብ አይበርድም። ሳያብሰለስሉማ ምኑን አኮረፉት? የመመለሻ ሰዓት ተናግሮ መሄድም ያው ሽንፈት ነው፤ የኩርፊያ ጣዕሙ መቼ እንደሚያልቅ አለመታወቁ ላይ ነው።

ሌሎቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ኮምፒውተር ላይ ኳስ ሲያቀባብሉ አዋሏቸውና አንዱን ኳስ ነፈጉት። የተነፈገው ሰው አንጎል ሲታይ ከአካል ሕመም ጋር የሚያያዝ ቦታ ሥራ ጀምሮ ተገኘ። እኛ ይህን ለማወቅ ማሽን አላስፈለገንም። ሰሃን ሳይሰበር፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣ ቀበሌ ሳይጠራ ሰውን የሚያሳምም ከዚህ የረከሰ መሣሪያ የት ይገኛል?

ኩርፊያ ለምን አይለቅም ለሚል መልሱ ውርርድ ቤት ደጃፍ አለ። አንዳንዴ ካኮረፉ ይባበላሉ፣ ማኪያቶ ይጋበዛሉ፣ "እሺ ጥፋተኛው እኔ ነኝ" ይባላሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ሁልጊዜ ቢሠራ ኖሮ ይሰለች ነበር፣ ፈጽሞ ባይሠራ ይተው ነበር። አንዳንዴ ብቻ ስለሚሠራ ሰው ትኬቱን ይዞ ያመሻል። እየለመነ ያቆየው ሰው በድንገት ማባበሉን ቢያቆምስ? ኩርፊያው መጀመሪያ ይብሳል፤ በር ይወረወራል፣ ድስት ይጮኻል። አብዛኛው አባባይ ልቡ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነውና ባለ በሩ ደግሞ በር መወርወር እንደሚሠራ ተማረ።

ሽማግሌ ከተጠራ ኩርፊያው ያልቅለታል፤ "ለመሆኑ የጠባችሁ መነሻ ምንድን ነው?" ሲሉ ሁለቱም ኮርኒሱን ያያሉ።

ያለ ሽማግሌ ሲፈታ ግን ማየት ነው። ይቅርታ የሚባል ቃል አይነሣም። አራተኛው ቀን ላይ አንዱ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ "ቻርጀሩ የት ሄደ?" ይላል። "ቲቪው ጋ ነው" ይላል አየሩ። አለቀ። የጠቡ መነሻ ተጣጥፎ ቁም ሳጥኑ ላይ ካለው ሻንጣ ጎን ይቀመጣል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ከነአቧራው ይወርዳል። ማታ ጉርሻው ተመልሷል፤ የትሪው ድንበር ፈርሷል። ልጅቷ ብቻ በሶፋውና በወጥ ቤቱ መካከል ቆማ፣ ለማን ምን ልበል ብላ ትጠብቃለች።