ውዳሴ አትንካ

ስለ ሐዋሳ ሰው መልካም ጠባይ ብዙ ተብሏል፤ ስለ እንግዳ ተቀባይነቱ፣ ስለ ከተማው ጽዳት፣ በፍቅር ሐይቅ ዳር ስለሚያደርገው የማታ ሽርሽር። አንድ ታላቅ ችሎታው ግን እስካሁን የሚገባውን ያህል ሲወደስ አልሰማሁም። ይኸውም እጁን ወደ አንዳች ነገር የዘረጋን ሕፃን፣ ከመቀመጫው ሳይነሣና የያዘውን ወሬ ሳያቋርጥ፣ በአንዲት ቃል ባለበት የማድረቅ ችሎታ ነው። ቃሊቱ «አትንካ!» ናት። በሳሎን፣ በሱቅና በሰርግ ቤት ዘወትር ታገለግላለች፤ ሙሉ ክብሯ የሚገለጠው ግን ቤተሰብ በሙሉ ክት ልብሱን ለብሶ፣ ልጆች እንዲነኩትና እንዲሞክሩት ተብሎ የተዘጋጀ ነገር ሊጎበኝ የወጣ ዕለት ነው።

ዋጋዋን ለመረዳት ይህችን ቃል በጊዜ ያላወቁ አገሮች ለምን ዓይነት ወጪ እንደተዳረጉ ማየት ይበቃል። ፍራንክ ኦፐንሃይመር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ በአቶሚክ ቦምብ ስሙ የሚነሣው የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም ነው። በፖለቲካ ሰበብ ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ተፈናቅሎ ኮሎራዶ ውስጥ ከብት ሲያረባ ከቆየ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይንስ አስተማረ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤክስፕሎራቶሪየም የሚባል ሙዚየም ከፈተ። በዚያ ቤት ጎብኚው ካልነካ፣ ካልጎተተና ካላሽከረከረ የሚያየው ነገር የለም። ሰውዬው በዚህም አልረካም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ የሆነ ክብ ቤት አስገነባና ሰው በእጁ እየዳሰሰ፣ በጉልበቱ እየዳኸ እንዲያልፍበት አደረገ። እኛ መብራት በሄደ ቁጥር በነጻ የምናገኘውን እነሱ በትኬት ይገቡበታል።

ሴንት ሉዊስ በምትባል ሌላ ከተማቸው ደግሞ ቦብ ካሲሊ የተባለ ቀራፂ አንድ አሮጌ የጫማ ኩባንያ ሕንፃ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲቲ ሙዚየም ብሎ ከፈተው። ድሮ ጫማ ቁልቁል ይላክባቸው የነበሩት ጠመዝማዛ መውረጃዎች አሁን ሰው ይንሸራተትባቸዋል፤ የአሥር ፎቅ ቁመት ያለው መንሸራተቻም አለ። ከደጅ በኩል የአውሮፕላን አካል ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ልጆች ውስጡ ገብተው ይርመሰመሳሉ። ይባስ ብሎ እናትና አባትም አብረው ይንሸራተታሉ፤ ሱሪያቸው ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ዘመድ እንኳ ያላቸው አይመስልም።

ጃፓኖች ረጋ ያሉ ሕዝቦች ናቸው ሲባል እንሰማለን፤ እነሱም ግን አልዳኑም። ሞሞፉኩ አንዶ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1958 ፈጣን ኑድልን፣ ማለትም የእኛ ልጆች ኢንዶሚ የሚሉትን ዓይነት ምግብ፣ የፈለሰፈው ኦሳካ አጠገብ በምትገኘው ኢኬዳ ነው። በዚያችው ከተማ ለዚህ ምግብ ሙዚየም አቁመውለት ሕፃናት ባዶ ኩባያ እየተሰጣቸው በቀለም እንዲሥሉበት፣ ሾርባውንና ውስጡ የሚገባውን ራሳቸው መርጠው እንዲያስሞሉ ያደርጋሉ። በእኛ ቤት ኩባያ ላይ በቀለም የሞነጨረ ሕፃን ምን እንደሚጠብቀው ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እኛ ሙዚየም ለመሥራት የሊዝ ጨረታ መግባት አላስፈለገንም፤ ሳሎናችን ይበቃናል። ከበሩ ትይዩ ብፌው ቆሟል። በመስታወቱ ውስጥ ከንፈራቸው የወርቅ ቀለም የተቀባ ስድስት የሻይ ስኒዎች ከነማስቀመጫቸው ተደርድረዋል፤ የአንደኛው የዋጋ ወረቀት እስካሁን አልተላጠም። ከጀርባቸው የምረቃ ፎቶግራፍ፣ ከዐረብ አገር የተላከ የፕላስቲክ አበባና ባትሪው ካለቀ የሰነበተ ሰዓት አለ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ሪሞቱ ከነላስቲኩ ነው፤ ከመዳሰስ ብዛት ላስቲኩ ደብዝዞ ድምፅ መጨመሪያውንና መቀነሻውን መለየት ቢያስቸግርም ሪሞቱ ራሱ አዲስ ነው። ስኒዎቹ የእንግዳ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እንዳይሰበሩ በሌላ ስኒ ይቀርብለታል። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ያሉት የጥንት ሰዎች ብፌ አልነበራቸውም።

በዚህ ቤት ያደገ ሕፃን ገና አፍ ሲፈታ የሙዚየም ጥበቃ ሙያን ይካናል። ታናሹ ድክ ድክ እያለች ወደ ብፌው ስትጠጋ ከእናቱ ቀድሞ «አትንኪ!» የሚላት እሱ ነው፤ እናትም ለጎረቤት «የእኔ ልጅ እኮ አንድ ነገር አይነካም» ብላ ትኮራበታለች። ዕቃ ዕቃ ልጫወት ያለ እንደሆነ ወደ ጓሮ ይላካል፤ ከጓሮም አፈር ነክቶ ከተመለሰ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ወላጆች ይህን ሥልጠና በተግባር የሚፈትኑት ልጆቻቸውን ይዘው ሲወጡ ነው። ሻል ያለው ቤተሰብ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባና ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ይጎበኛል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እመቤት እውነተኛ አጽም በጥንቃቄ ተቆልፎበት ይኖራል፤ ለጎብኚ የሚታየው ግልባጩ ነው፤ ግልባጩም በመስታወት ውስጥ ነው። ብፌ ላለው ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም፤ እንዲያውም ቤቱ የገባ ያህል ደስ ይለዋል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ዘንድ ሲደርስ ግን ነገሩ ይፈትነዋል፤ እዚያ መስታወቱ ያላደረገውን ክልከላ ወላጁ ራሱ በአፉ መፈጸም አለበትና።

አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ያልቻልን ሰዎችም ከዚህ ጥበብ አልተነፈግንም። በአንድ የከተማችን አዳራሽ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራዎች ለሕዝብ በታዩበት ዕለት አንድ የተከበሩ አባት የሰባት ዓመት ገደማ ልጃቸውን ክራቫት አስረውለት መጥተው ነበር። አንድ ወጣት አሮጌ ብስክሌት በብረት መቆሚያ ላይ አቁሞ፣ የኋላ ጎማውን ከዲናሞ ጋር አገናኝቶ፣ ከዲናሞው በሽቦ አምፖል ስቦ «ነድተው ይሞክሩ» የሚል ወረቀት ለጥፎበታል። ልጁ ወረቀቱን ፊደል በፊደል አነበበና ፔዳሉን ያዘ። «እጅህን ሰብስብ! ልብስህን ግሪስ ልታስነካ ነው?» አሉት አባት። ከዚያም ስልካቸውን ለልጁ ሰጥተው ኮታቸውን ሰበሰብ አድርገው ራሳቸው ወጡበት። ነዱት፤ አምፖሉ በራ። «ይዘኸኛል? አምፖሉ ይታያል?» እያሉ ነዱት። ወጣቱ ቀረብ ብሎ «ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ቢሉ ብርሃኑ ሲቀንስ ያያሉ፤ ዲናሞው ውስጥ ያለው ማግኔት በፈጠነ ቁጥር...» ብሎ ሊያስረዳ ሲጀምር «ይኼ ሁሉ ስንት ፈጀብህ?» ብለው አቋረጡት። ልጁ ስልኩን ከዓይኑ ሳያወርድ «አባዬ፣ ለምንድን ነው የሚበራው?» አለ። «ስለነዳሁት ነዋ!» አሉ፤ መልሱ ትክክል ነው። ፎቶው በዚያው ምሽት «ከልጄ ጋር ሳይንስ ስንጎበኝ» ተብሎ ወጣ። ልጁ ፎቶው ውስጥ የለም፤ ነገር ግን በጣም ጥሩ አድርጎ አንሥቷል።

ትምህርት ቤትም ቢሆን የወላጅን ድካም ከንቱ አያስቀርም። በር ላይ «ቤተ ሙከራ» የሚል ጽሑፍ፣ ከጽሑፉ ሥር ደህና ቁልፍ፣ ከቁልፉ ወዲያ ማይክሮስኮፕ ከነካርቶኑ ያለበትን ትምህርት ቤት የማያውቅ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው። መምህሩ ማይክሮስኮፑን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይሥለዋል፤ ተማሪዎቹ ወደ ደብተራቸው ይገለብጡትና ክፍሎቹን በቀስት እየጠቆሙ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ሥዕሉን ያሳመረ ሙሉ ማርክ ያገኛል። በዚህ ጉዳይ መምህሩን ለመውቀስ እጄ አይሄድልኝም። ዕቃው ወደ ግምጃ ቤት የገባው በሞዴል 19 ነው፤ የሚወጣውም በሞዴል 22፣ በእሱ ፊርማ ነው። ከስልሳ ተማሪ አንዱ ሌንሱን ከሰበረ ተጠያቂው የፈረመው ሰው ነው። ስለዚህ የመንግሥት ንብረት ይጠበቃል፤ ማይክሮስኮፑም አንድ ጠብታ የሐይቅ ውኃ ሳያይ፣ ከሐይቁ በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ፣ በክብር ያረጃል።

ይህ ሁሉ የሚያምረው ግን እሑድ ጠዋት በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ ነው። የእንጨት ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ይደርሳሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ አናታቸውን አዘንብለው እንደ ዕድር ዳኛ ዙሪያውን ይቆማሉ፤ ቤተሰቡም የዓሣ ሾርባውን ጠጥቶ ልጆቹን ለጉብኝት ያሰልፋል። እዚያ አንድ የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ግንድ ላይ ተቀምጦ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይገፋል። በግራ እጁ የዓሣውን ጭንቅላት ይይዛል፤ ቢላዋውን ከስንጥቡ ኋላ ያስገባና በአከርካሪው ላይ አስኪዶ እስከ ጅራቱ ይወርዳል፤ ይገለብጥና ሌላውን ጎን ይደግማል፤ ከዚያ የሥጋውን ጫፍ በጥፍሩ ቆንጥጦ ቆዳውን በአንድ ስብ ይለየዋል። ሆድ ዕቃውን ሲያወጣ ነጩን የአየር ከረጢት በአውራ ጣቱ ጠቅ አድርጎ ያፈነዳዋል፤ ይህ ለሥራው አያስፈልግም፤ ደስ ስለሚለው ነው። አጥንቱን ወደ አባ ኮዳዎቹ ይወረውራል፤ ቀና ብሎም አያይም።

የእኛ ልጅ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። ዓሣ በስንጥብ እንደሚተነፍስ ለፈተና አጥንቷል፤ ስንጥብ የትኛው እንደሆነ ግን ጣቱን ዘርግቶ ሊጠይቅ ሲል እናቱ ክንዱን ይዛ «ይሸትሃል፣ አትንካ!» ትለዋለች። ከዚያም ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አድርጋ ፎቶ ታነሣለች። በዚህ ረገድ ከተማችን የደረሰችበትን የሥራ ክፍፍል ማድነቅ ይገባል፤ ትምህርት ቤት የሚውለው ልጅ እንዳይነካ፣ የሚነካው ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት እንዳይውል አድርገን ሁለቱንም ከመቀላቀል ጠብቀናቸዋል። ኦፐንሃይመር ይህን ለማፍረስ ሙዚየም ሙሉ ዕቃ አስፈልጎታል፤ እዚህ ሁለት ዓሣ ይበቃው ነበር፤ ግን ማን ይፈቅድለታል?

ልጅ ካልነካ አይማርም የሚሉ ጥቂት ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ስልክን ረስተዋል። ስልክ እንዲነካ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሕፃኑም ከጠዋት እስከ ማታ እየነካው ይውላል፤ ቪዲዮው ውስጥ ሌሎች ሕፃናት ጭቃ ሲያቦኩ፣ ብሎክ ሲደረድሩ፣ ቀለም ሲቀላቅሉ ያያል። ብፌውም አይሰበር፣ ክራቫቱም አይቆሽሽ።

ሆኖም ሐዋሳን የመሰለች ከተማ የራሷ ተነኪ ሙዚየም ይኑራት የሚል ሐሳብ አንድ ቀን መነሣቱ አይቀርምና ካሁኑ ደንቡን ማሰናዳት ይበጃል። ዕቃዎቹ ከነላስቲካቸው ይቀመጡ። ከፊታቸው ገመድ ይወጠር፤ ከገመዱ ፊት ጥበቃ፣ ከጥበቃው ፊት «በእጅ ሳይነኩ አይለፉ» የሚል ማስታወቂያ ይቁም። ሪባኑን የሚቆርጡት የክብር እንግዳ ነጭ ጓንት አጥልቀው እያንዳንዱን ዕቃ አንድ አንድ ጊዜ ይንኩ፤ ይህም በሕዝብ ስም እንደተነካ ይቆጠር። ወላጅ ለፎቶ እስከ ገመዱ ድረስ መቅረብ ይፈቀድለት። ልጆች በር ላይ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጉ፤ ጉብኝቱ ሲያልቅም እጃቸው ታይቶ፣ ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጦ፣ አባት ፈርሞ በሞዴል 22 ይረከባቸው።