ጃንጥላ ስር ያለውን ልጅ ጠይቁት

ሰሞኑን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰማኋቸው። ስማቸው ይቅር። አገልግሎቱን በኦንላይን የሚሰጠው ሲስተም አልቆ ተዘጋጅቷል፣ የቀረው የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ነው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን በጣም ነው የተናደድኩት።

ግንዛቤ? ይሄው «ግንዛቤ የለውም» የሚባል ሕዝብ አይደል እንዴ በስልክ ብር የሚላክበትና የሚከፈልበት ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር ስልኩን አውጥቶ የተመዘገበው? ዛሬ ተመዝጋቢው ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አበል የሚከፈልበት ሥልጠና አልወሰደችም። ስማርት ስልክ የሌለው *127# መትቶ ብሩን ይልካል። ነዳጅ እኮ በስልክ እንዲከፈል በግዴታ ነው የተደረገው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ነዳጁ ይሁንላችሁ። ባለሽንኩርቷን ማን አስገደዳት? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይሄ ነው። ፎርሙ ሲያስቸግር ጥፋቱ የሞላው ሰው ይሆናል።

እውነቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ሪፖርት አያንብብ። ባለጉዳይ ከሚበዛበት መሥሪያ ቤት አጥር ውጭ ይቁም። ጃንጥላ ስር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ላፕቶፕ ታቅፎ የተቀመጠ ልጅ ያገኛል። ድሮ እዚያው ቦታ ማመልከቻ ጸሐፊው ነበር፣ እስክሪብቶና ካርቦን ይዞ። አሁን «ኦንላይን ፎርም እንሞላለን» ይላል ካርቶኑ ላይ። እስቲ አስቡት፣ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራውን አገልግሎት ለማግኘት ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ጃንጥላ ስር ተሰልፎ፣ ከፍሎ ነው የሚያስሞላው። ያ ልጅ ሥራ ባገኘ ቁጥር አንድ ሲስተም ወድቋል ማለት ነው።

አክስቴን ይዤ ሄጄ ነበር። የሄድንበትን መሥሪያ ቤት አልጠራም፣ ሁሉም ያው ነው። አክስቴ የተወለደችው ጳጉሜ 3 ነው። ፎርሙ ላይ ያሉት ወራት ግን 12 ናቸው! የ13 ወር አገር ውስጥ፣ ለዚህ አገር ሰው በተሠራ ፎርም ላይ። ልጁ ዓይኑን እንኳን አላሸም፣ «እማማ፣ መስከረም 1 ልበልዎት?» አላት። እሺ አለች፣ ምን ትበል። ቀጥሎ የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን መጣ። የአባቷ ነው የአያቷ? ልጁ የአያቷን ጻፈ፣ «ብዙ ጊዜ ይሄ ነው የሚያልፈው» ብሎ። ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፍ ደግሞ ፀሐይን በገዛ ራሱ መንገድ ጻፈው፣ መታወቂያዋ ላይ ካለው ጋር በአንድ ፊደል ይለያል። ኢሜይል የላትም፣ ከፈተላት። የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚገባው በማን ስልክ ነው? በእሱ። የይለፍ ቃሉ የት ተጻፈ? በእሱ ደብተር። የአክስቴ ማኅደር ቁልፍ እንግዲህ መንገድ ዳር አንድ ባለመስመር ደብተር ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

ያንን ፕሪንት አድርገን፣ ሦስት ኮፒ ከነኦሪጅናሉ ይዘን ገባን። መስኮቷ ላይ ያለችው ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብላ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እንደገና ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ጀመረች። ከዚያ መዝገቡ ላይ በእስክሪብቶ። እሷም ታሳዝናለች፣ ሥራዋ እጥፍ ሆኖባታል፣ እሷንም የጠየቃት የለም። መጨረሻ ላይ መረጃው አይመሳሰልም፣ ከወረዳ ማስረጃ ይምጣ ተባልን።

ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ታዲያ ለምን ተሠራ? አዋጅ 1284/2015 ወጣ፣ ጣታችንንም ዓይናችንንም ሰጠን። መንግሥት እኔን በአንድ ቁጥር ካወቀኝ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ደብዳቤ የምሸከመው ፖስተኛ ነኝ? የብዙ መሥሪያ ቤት አገልግሎት በአንድ ቦታ የሚሰጥበት መሶብ አለ ትላላችሁ። ሚያዝያ 2017 ሲከፈት ደስ ብሎኛል፣ ወንበሩም ወረፋውም ደህና ነው፣ አልዋሽም። ግን መስኮቶቹን አንድ ጣሪያ ስር ማምጣት እግሬን ነው ያሳረፈው። የምጠየቀው ወረቀት አልቀነሰም።

ይሄን ሁሉ የሠሩት ባለሙያዎች ፎርሙን አክስቴን በመሰለች ሴት አልሞከሩትም፣ እወራረዳለሁ። የሞከሩት ፕሮጀክተር ባለበት አዳራሽ፣ ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጡት አለቆች ነው። አለቃ ደግሞ ፎርም አይሞላም፣ ጸሐፊው ትሞላለታለች። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ከሚባለው የመንግሥት ስትራቴጂ ወደ 2030ው ተሻግረናል፣ ጳጉሜን ግን ገና አልደረስንባትም።

እና ክቡር ኃላፊ፣ ለግንዛቤ ማስጨበጫው የተያዘው በጀት ካለ ለዚያ ልጅ የግማሽ ቀን ይክፈሉትና አጠገቡ ይቀመጡ። የቱ ሳጥን ሰው እንደሚያስለቅስ፣ የቱ ገጽ ምሳ ሰዓት ላይ እንደሚሞት፣ ፎቶው ስንት ጊዜ እንደሚመለስ በቃሉ ይነግርዎታል። ጥናት ለሚያጠና አማካሪ ከሚከፈለው በጣም ይረክሳል።

አክስቴ የወረዳውን ማስረጃ ይዛ ማክሰኞ ተመለሰች። ፎርሙ መታረም ነበረበት፣ ለዚያ ደግሞ የይለፍ ቃሉ ያስፈልጋል። ልጁ አልነበረም። ዝናብ ነበር።